ጭሱ በመንገዱ ይውጣ፦ ስለ ሄደር አገጣጠም የተዘጋጀ የሙያ ትምህርት



በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ከሞተር የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ ማርሚታ የሚያደርሰውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል ማኒፎልድ ይባላል። ከፋብሪካ የመጣውን ማኒፎልድ አውጥቶ በምትኩ ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ ባለ ረጃጅም ቱቦ ዕቃ መግጠም በወጣት መኪና ወዳጆች ዘንድ የተለመደ ነው። ይኸው ባለ ቱቦ ዕቃ ሄደር ይባላል።

«ካምፕ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ፈጣን መኪና መማር ምን ይጠቅመናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሄደርን በሥርዓቱ መግጠም የቻለ ሰው የራክሻም ሆነ የጭነት መኪና፣ የጄኔሬተርም ሆነ የውሃ ፓምፕ ጭስ ማውጫ ለመጠገን አይቸገርም። ሁለተኛ፣ ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው መርዝና በየቤታችን ካለው የከሰል ምድጃ የሚወጣው መርዝ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መካኒክ ያልሆኑ እናቶችና አባቶችም የመጨረሻውን ክፍል እንዲያነቡልን፣ ማንበብ ለማይችሉም እንዲነበብላቸው አደራ እንላለን።

በጀሪፍ የገጠመን

ጀሪፍ የካርቱም ሰፈር ነው። በጥቁር ዓባይ ወዲህና ወዲያ ማዶ ጀሪፍ ምዕራብና ጀሪፍ ምሥራቅ ተብሎ የተከፈለ ሲሆን፣ በወንዙ ዳር ባሉት የጡብ ምድጃዎች ይታወቃል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ብዙ ሐበሾች በዚያ ይኖሩ ነበር። ሻይ የሚያፈሉ፣ ቤት የሚያጸዱ፣ ግንበኞች፣ ራክሻ ነጂዎችና መካኒኮች ነበሩባቸው። እኛም በዚያን ጊዜ በአንድ አነስተኛ ዋርሻ ውስጥ እየሠራን ለወጣቶች ሙያ እናሳይ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሱዳናዊ ወጣት ኮሮላ መኪናውን ይዞ መጣ። ከመኪናው ጋር ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛውን ሄደር አምጥቶ «ግጠሙልኝ፤ እንዲሮጥና ድምፁ እንዲያምር እፈልጋለሁ» አለን። ሥራውን አብሮን ለሚሠራ የሃያ ዓመት ልጅ ሰጠነው። ልጁ እጁ ፈጣን ነበር። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ለመግሪብ ሶላት አዛን ሳይባል ጨረሰ። መኪናው ሲነሳ አገሩን አናወጠው። ወጣቱ ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ከእህቱ ጋር ረጅም መንገድ ሲሄዱ አቧራ ስለተነሳ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ነበር። እሱ ራሱን አመመው፣ እህቱ ደግሞ አስመለሳት። መጀመሪያ የፀሐይ ምች መስሏቸው ነበር። መኪናውን አቁመው ወርደው ንፋስ ሲያገኙ ተሻላቸው። መልሰው ሲገቡ እንደገና ጀመራቸው። «መኪናው ሮጧል፤ እኛ ግን ታመምን» አለን።

ኮፈኑን ከፍተን ስናይ ሄደሩ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በአራተኛው ሲሊንደር በኩል ጥቁር የጥላሸት መስመር ተዘርግቷል። ልጁ አዲስ ጓርኒሲዮን የሚገዛበትን ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ አሮጌውን መልሶ አስገብቶት ነበር። የሄደሩ ከንፈርም ጎብጦ ኖሯል። ጥፋቱ ግን የልጁ ብቻ አልነበረም። «እንዲህ አድርግ» ብለነው እንጂ «ለምን እንዲህ እንደሚደረግ» አላስተማርነውም፤ ሥራውንም ሳንፈትሽ መኪናውን አስረክበናል። ይህንን ትምህርት ያዘጋጀነውም ያ ቀን ስለማይረሳን ነው።

1. ሞተር እንዴት ይተነፍሳል?

የቤንዚን ሞተር እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። አየር ይስባል፣ ያስወጣል። ሥራውም በአራት ደረጃ ይከናወናል። እነርሱም፦

ሀ/ መሳብ፦ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይገባል።
ለ/ መጭመቅ፦ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የገባው ይታመቃል።
ሐ/ ማቃጠል፦ ካንዴላው እሳት ይሰጣል፤ የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። ጉልበት የሚገኘው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።
መ/ ማስወጣት፦ የጭስ ቫልቭ ይከፈትና ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ጭሱን ይገፋል።

በአራተኛው ደረጃ ጭሱ በሚገባ ካልወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ጭስ የአዲሱን አየር ቦታ ይይዛል። ቦታው ከተያዘ የሚገባው አየር ያንሳል፤ ጉልበትም ያንሳል። ራት የበላንበትን ሳህን ሳናጸዳ ቁርስ እንደማቅረብ ማለት ነው።

ፍጥነቱን ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ጭስ ያስወጣል። ይህም በደቂቃ 1500፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ጭስ ይወጣል። እንግዲህ ጭሱ እንደ ወንዝ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን፣ እንደ ከበሮ ምት እየተቆራረጠ የሚወጣ ነው። የሄደር ምሥጢርም ያለው እዚህ ላይ ነው።

2. የፋብሪካው ማኒፎልድና ሄደር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የፋብሪካው ማኒፎልድ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ ከተቀዳ ብረት የተሠራ፣ አጭርና ከባድ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ዕድሜው ረጅም፣ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ጉድለቱ የአራቱ ሲሊንደሮች ጭስ ገና ከበር እንደወጣ በአንድ ጠባብ ስፍራ መገናኘቱ ነው። አራት ሰዎች በአንድ በር ተሽቀዳድመው ሲወጡ እንደሚጋጩ ሁሉ፣ የአንዱ ሲሊንደር ጭስ የሌላውን መውጫ ያውካል።

ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን ቱቦ ይሰጣል። ቱቦዎቹ የሚገናኙት ራቅ ብለው ነው። አገናኛቸውም ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው አራቱ ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የሚገቡበት ነው። ይህ ሞተሩ በጣም ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ስለዚህም ለውድድር ይስማማል።

ሁለተኛው አራቱ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሁለቱ ደግሞ ኋላ አንድ የሚሆኑበት ነው። ይህ በመካከለኛ ዙር ስለሚረዳ ለከተማና ለገጠር መንገድ ይሻላል። አጣማጆቹ በዘፈቀደ አይመረጡም። የብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች፣ የኮሮላም ጭምር፣ የእሳት ተራ 1-3-4-2 ነው። በዚህ ተራ አንደኛውና አራተኛው፣ እንዲሁም ሁለተኛውና ሦስተኛው በጊዜ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ጋር ይጣመራሉ። አንዱ ሲያስወጣ ሌላው በሩን ዘግቶ ስለሚቆይ አይጋጩም።

ከዚህም ሌላ ጥቅም አለ። ፈጣን አውቶቡስ በአቧራ መንገድ ሲያልፍ አቧራውን ከኋላው እየጎተተ እንደሚሄድ ሁላችንም አይተናል። በቱቦ ውስጥ በፍጥነት የሚሄድ ጭስም እንዲሁ ከኋላው የቀረውን ይጎትታል። ቱቦው በልኩ ከተሠራ የሄደው ጭስ ቀጥሎ የሚመጣውን ይስብለታል።

3. ሄደር ስንት ጉልበት ይጨምራል?

እውነቱን እንናገር። ሌላው ነገር ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ ሄደር ብቻውን በተራ የቤት መኪና ላይ ቢገጠም የሚጨምረው ጉልበት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ ጥቂት ፈረሶች ቢጨመሩ ነጂው ላያውቃቸው ይችላል። በውድድር መኪና ላይ ትልቅ ለውጥ የሚታየው የአየር መግቢያው፣ የቫልቭ መክፈቻው ዘንግና የቤንዚን አሰጣጡ አብረው ስለሚለወጡ ነው።

በዚህ ረገድ በወጣቶች መካከል የሚነገሩ ሁለት ስሕተቶችን እናርም።

የመጀመሪያው «የሚጮህ መኪና ይሮጣል» የሚለው ነው። ጩኸት ጉልበት አይደለም። የቀደደ ማርሚታም ይጮሃል። እንዲያውም በመገጣጠሚያ በኩል የሚያፈስ ሄደር ከሁሉ ይበልጥ ይጮሃል፤ ጉልበት ግን ይቀንሳል።

ሁለተኛው «ቱቦው ሲሰፋ ይሻላል» የሚለው ነው። የመስኖ ቦይ ከሚገባው በላይ ሲሰፋ ውሃው ቀስ ይላል። ጭስም እንዲሁ ነው። ቱቦው ያለ መጠን ከሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፤ የመጎተት ኃይሉም ይጠፋል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። አንዳንዶች ይህንን አይተው «ሞተር ጥቂት መታፈን ይፈልጋል» ይላሉ። ሞተር መታፈን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጭሱ ሳይዘገይ እንዲሄድ ነው።

ስለዚህ ደንበኛ ሄደር ግጠሙልኝ ብሎ ሲመጣ ሐቁን ንገሩት። ከሐሰት ተስፋ የሚገኝ ገንዘብ አንድ ቀን ነው። ስደተኛ መካኒክ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የምስክር ወረቀት የለውም፤ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

4. ከመግጠም በፊት የሚደረግ ምርመራ

1ኛ/ የሞተሩን ዓይነት አረጋግጡ። «የኮሮላ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ በቶዮታ ፎር ኤ ኤፍ ኢ እና ፎር ኤ ጂ ኢ የሚባሉት ሁለቱም 1.6 ሊትር ሞተሮች ቢሆኑም ቴስታታቸው የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ሄደር ለሌላው አይሆንም። ዕቃው ሳይገዛ ጓርኒሲዮኑን ከከንፈሩ ጋር ማስተያየት ይበጃል።

2ኛ/ የሄደሩን ከንፈር፣ ማለትም በቴስታታው ላይ የሚያርፈውን ጠፍጣፋ ብረት፣ ወፍራም በሆነ የመስታወት ቁራጭ ላይ አስቀምጡት። ቢወዛወዝ ወይም ከሥሩ ብርሃን ቢያሳይ ጎብጧል ማለት ነው። በትልቅ ሞረድ ወይም በማሽን እንዲስተካከል ማድረግ ያስፈልጋል። በጀሪፍ የተሳሳትነው አንዱ ይህንን ባለማድረጋችን ነው።

3ኛ/ የቱቦዎቹን ቀዳዳ ተመልከቱ። የቱቦው አፍ ከቴስታታው ቀዳዳ ጠቦ ደረጃ ከሠራ ጭሱ ይጋጫል። ወደ ውስጥ የወጣ የብየዳ ጠብታ ካለም በሞረድ ይነሳ።

4ኛ/ ብየዳው ቱቦውን ዙሪያውን መያዙን አረጋግጡ። በነጠብጣብ ብቻ የተያዘ ብየዳ በሙቀትና በመንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል።

5ኛ/ መኪናው የኦክስጅን መለኪያ ያለው ከሆነ በሄደሩ ላይ ቦታ እንዳለው እዩ። ጭስ ማጣሪያ ካታላይዘር ካለውም ለማስወጣት አትቸኩሉ። ካታላይዘር ኋላ የምንናገረውን መርዝ ለመቀነስ የተሠራ ነው።

6ኛ/ ሄደሩን ከጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ቆርጣችሁ ለመሥራት አትሞክሩ። ቧንቧው የተቀባው ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይተናል። ሲበየድ የሚወጣውን ነጭ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ሰውየው ወባ የያዘው ሊመስለው ይችላል።

5. አሮጌውን ስለመፍታት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። በሥራ ላይ ያለ ጭስ ማውጫ ከ600 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ስለሚችል ለረጅም ሰዓት ያቃጥላል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ንቀሉ። መኪናው ከሥር የሚሠራበት ከሆነ በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አትግቡ። ጠንካራ ግንድ ወይም የብረት ማቆሚያ ይደገፍበት፤ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። በጡብ አትደግፉ። ጡብ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ከዚያ በቴስታታው ላይ ያሉትን ዘንግ ብሎኖችና ዳዶዎች ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት ቀቧቸው። ከተቻለ ማታ ቀብቶ ማሳደር ነው። ዘይቱ ከሌለ ነጭ ጋዝ ይረዳል፤ ነገር ግን ስለሚቀጣጠል ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ታጥቦ ይድረቅ።

ዳዶው እምቢ ካለ በኃይል አትታገሉት። ጥቂት ፍቱት፣ ጥቂት መልሳችሁ አጥብቁት፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱት። የአንድ ሰዓት ትዕግሥት የሁለት ቀን ሥራ ያተርፋል። አፈታቱ ከዳርና ከዳር ተጀምሮ ወደ መሐል ይሁን።

ዘንጉ ከተሰበረስ? መጀመሪያ አትደንግጡ። የተሰበረው ጫፍ ከላይ ከታየ አንድ ዳዶ በላዩ አድርጋችሁ በዳዶው ውስጥ በየዱት። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ስለሚያላቅቀው ዳዶውን በቁልፍ ስታዞሩት አብሮ ይወጣል። ውስጥ ከተሰበረ ግን ልክ መሐሉን ምልክት አድርጎ በትራፓኖ መብሳት ያስፈልጋል። ብዙ ቴስታታ ከአልሙኒየም የተሠራና ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ወደ ጎን ከሄደ ጉዳቱ ይከብዳል። ያልለመደ ሰው አይጀምረው።

አሮጌው ጓርኒሲዮን ተጣብቆ ከቀረ በቀስታ ይፋቅ። በድሮ ጓርኒሲዮኖች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ ጎጂ ነገር ሊኖር ስለሚችል በውሃ አርጥባችሁ ፋቁት። በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አትንፉት።

6. አዲሱን ስለመግጠም

አንደኛ፣ የቴስታታውን ፊት በብርጭቆ ወረቀትና በንጹሕ ጨርቅ አጽዱ። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ድፈኑ፤ ጨርቁን ማውጣት ግን አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ዘንግ ብሎኖቹን አጽዱ። ጥርሳቸው ያለቀውን ለውጡ። ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ጥቂት ብትቀቧቸው ሌላ ጊዜ የሚፈታው ሰው ይመርቃችኋል። ይህ ቅባት በኦክስጅን መለኪያው ጫፍ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ያበላሸዋል።

ሦስተኛ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። አንድ ጊዜ የተጨመቀ ጓርኒሲዮን ሁለተኛ አይዘጋም። ተራ ሲሊኮን ቀብተን እናስተካክለው የሚሉ አሉ። ተራ ሲሊኮን የዚህን ቦታ ሙቀት ስለማይችል ተቃጥሎ ይረግፋል።

አራተኛ፣ ሄደሩን አስገቡና ዳዶዎቹን ሁሉ በጣት ብቻ አስይዟቸው። የታችኛውንም መገጣጠሚያ ከማርሚታው ቧንቧ ጋር በልቅ አስይዙ። ሁሉም ሳይያዝ አንዱን ማጥበቅ ዕቃውን ያጣምማል።

አምስተኛ፣ ማጥበቅ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያላችሁ ይሁን። ይህንንም በሦስት ዙር አድርጉት፦ በመጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ገሚስ፣ በመጨረሻ ሙሉ። ከዳር ብትጀምሩ መሐሉ ተነፍቶ ይቀራል።

ምን ያህል ይጥበቅ? የመኪናው መጽሐፍ ከተገኘ እሱን መከተል ነው። ካልተገኘ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ፣ ማለትም በጃፓን መኪኖች በ12 ቁልፍ ለሚፈታው፣ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። የሚለካ ቁልፍ ለሌለን እንዲህ እናስላው። ክንዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁልፍ ጫፉን በ10 ኪሎ ክብደት ያህል ብትጫኑት 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። የ10 ኪሎ ክብደት እንዴት ያለ እንደሆነ በእጃችን ለመልመድ በባልዲ 10 ሊትር ውሃ ማንሳት ይበቃል። በቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ መጎተት ግን ጀግንነት ሳይሆን ዘንግ መስበር ነው።

ስድስተኛ፣ ሄደሩ ከኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከቤንዚንና ከፍሬን ቱቦ መራቁን አረጋግጡ። ሞተር ሲነሳ ስለሚወዛወዝ ቢያንስ የሁለት ጣት ክፍተት ይኑር። የሙቀት መከላከያ ላሜራውንም መልሱት። የተነካካውን ቱቦ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ የእጅ ቅባት በላዩ ይቃጠላልና።

7. ሳይፈተሽ አይረከብም

ሞተሩ የሚነሳው መኪናው ከቤት ውጭ ሆኖ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከቱቦው ላይ ጥቂት ጭስ ቢወጣ የተቀባው ዘይት እየተቃጠለ ስለሆነ አያሳስብም። ከዚያ በሚከተለው መንገድ ይፈተሽ።

ሀ/ ጆሮ፦ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ አንድ ሰው ጓንት አድርጎ የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ፤ ፊቱንም ያርቅ። ሌላው በሞተሩ በኩል ያዳምጥ። «ጥስ ጥስ» የሚል ድምፅ ካለ ያፈሳል።

ለ/ ሳሙና፦ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ብረቱ ሳይሞቅ የሳሙና ውሃ በመገጣጠሚያው ላይ ጠብ አድርጉ። አረፋ ከሠራ ያፈሳል።

ሐ/ ዓይን፦ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መገጣጠሚያው ላይ ጥላሸት ካለ ያፈሳል።

ሞተሩ ሞቆ እንደገና ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን ሁሉ መልሳችሁ ሞክሯቸው። ብረት በሙቀት ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ አንዳንዱ ይላላል። ደንበኛውም ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ንገሩት። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም፤ የሥራው ክፍል ነው።

ማፍሰስ የቤንዚን ፍጆታም ያበዛል። ጭሱ በምት በምት ስለሚወጣ በሁለት ምት መካከል በቀዳዳው በኩል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። የኦክስጅን መለኪያው ይህን አየር አይቶ «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ያስታውቃል። ኮምፒውተሩም ሳያስፈልግ ቤንዚን ይጨምራል። ወጣቱ ለፍጥነት ብሎ ያስገባው ዕቃ ኪሱን ያራቁተዋል ማለት ነው።

8. የማይታየው መርዝ (ሁሉም ሰው ያንብበው)

ነዳጅ፣ እንጨት ወይም ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ስለዚህ ሰው መመረዙን ሳያውቅ ይመረዛል።

በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ቀይ ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህንን ቀይ ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል አጥብቆ ይይዘዋል። አህያው ሌላ ጭነት ከተጫነ እህሉን የሚሸከም እንደማይኖር ሁሉ፣ ደሙ ይህን ጋዝ ከተሸከመ ለልብና ለአንጎል ኦክስጅን የሚያደርስ ይጠፋል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። ከፍ ሲል ሰው ራሱን ስቶ ይሞታል። ትኩሳት ሳይኖር በአንድ ቤት ወይም በአንድ መኪና ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ቢያማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ቢሻላቸው፣ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ወጣቱና እህቱ ያዩት ይህንኑ ነበር። መኪናቸውን አቁመው ባይወርዱ ኖሮ ነገሩ በራስ ምታት አያበቃም ነበር። ሕፃናትና እርጉዝ ሴቶች ከሌላው ይበልጥ ይጎዳሉ።

ከዚህ የሚከተሉትን እንያዝ፦

- በተዘጋ ጋራዥ ወይም መጋዘን ውስጥ ሞተር አታስነሱ። በሩ ገርበብ ቢል እንኳ አይበቃም።
- ጄኔሬተር ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይቀመጥ።
- ሞተሩ በተነሳ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ።
- የከሰል ምድጃ በመኝታ ቤትና በድንኳን ውስጥ አይደር። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭስ ባይታይበትም መርዙ አለ። እንዲያውም በጣም የሚያታልለው ጭስ የሌለው ፍም ነው። በብርድና በዝናብ ጊዜ ይህን ማክበር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ሆኖም ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት ግዴታ ነው።

ሰው ተመርዞ ቢገኝ መጀመሪያ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። አውጪውም ራሱ እንዳይወድቅ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይውጣ። ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ጋዙን ከደም አያወጣም። ራሱን ለሳተ ሰውማ ማጠጣት ሊያንቀው ይችላል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ሰው ተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ካለው ጋዝ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በጤና ጣቢያ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወጣል።

ማጠቃለያ

የዚያን ወጣት ኮሮላ በማግስቱ ፈታነው። ከንፈሩን በሞረድ አስተካከልን፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ከራሳችን ኪስ ገዛን፣ ከመሐል ወደ ዳር አጠበቅን፣ በሳሙና ፈተሽን። ሥራውን የሠራው ያው ልጅ ነው። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጉ በፊት ለምን እንደሚያደርገው እንዲነግረን ጠየቅነው፤ ነገረንም። መኪናው ሲነሳ እንደ ፊተኛው አልጮኸም። ወጣቱ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ በሳምንቱ ግን ጓደኛውን ከነመኪናው ይዞ መጣ።

የሙያ ልኩ እዚህ ላይ ነው። ሥራችን ጥሩ የሚሆነው መኪናው ስለጮኸ አይደለም፤ ጭሱ በመንገዱ ሲወጣና በውስጡ የተቀመጡት ሰዎች በሰላም ሲገቡ ነው።

መልመጃ

1. የእሳት ተራው 1-3-4-2 በሆነ ሞተር የትኞቹ ሲሊንደሮች ይጣመራሉ? ለምን?
2. በደቂቃ 2400 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ ስንት ጊዜ ጭስ ያስወጣል?
3. ሄደር ሲገጠም ዳዶዎች ከየት ወዴት ይጠብቃሉ? ሲፈቱስ?
4. የሚያፈስ መገጣጠሚያ ቤንዚን የሚያባክነው እንዴት ነው?
5. በአንድ ቤት ያሉ ሦስት ሰዎች ጠዋት ራሳቸውን አሟቸው ቢነሱ መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ? ምንስ ታደርጋላችሁ?

የጥያቄ 2 መልስ፦ 80 ጊዜ። የሌሎቹን መልስ ከጽሑፉ ውስጥ ፈልጋችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።